ባዶ ቦታ የማይወዱት ጋሽ እንድሪስ

መልእክቱ የደረሰኝ ደጃፌ ላይ ገብስ ሳበጥር ነው። ልጄ ሰናይት ከደብረ ብርሃን የላከችው ነበር። «እማዬ፣ ጋሽ እንድሪስ አረፉ። ትናንት አልዩ አምባ ተቀበሩ። ደንግጠሽ እንዳትወድቂ መጀመሪያ ተቀመጪ» ይላል። ልጄ ታውቀኛለች። ይሁን እንጂ «ተቀመጪ» የሚለውን ከመጨረሻ ይልቅ ከፊት ብትጽፈው ይሻል ነበር። ቆሜ አንብቤ ጨረስኩና ሰፌዱን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርጄ ለቅሶ ደረስኩ። አልዩ አምባ ሳልደርስ ገና ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ በኋላ እንደሰማሁት ታላቅ እህታቸው፣ ጠጋ አለችኝ።

«ከየት ታውቂው ነበር፣ እህቴ?»

«የልጄን ታብሌት ሠርተውልኝ ነው።»

«ሠርቶልሽ ነው ወይስ ጨምሮበት?»

«ጨምረውበት» ስል ሴቶቹ ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፣ አብሬያቸው አለቀስኩ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የሌለውን አልጨምርም፤ ጨማሪው እሳቸው ነበሩ።

የጋሽ እንድሪስ ሱቅ ደብረ ብርሃን ገበያው አጠገብ፣ ወፍጮ ቤቱን ተለጥፋ የተሠራች ጠባብ ክፍል ነበረች። የወፍጮው ዱቄት በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ሬዲዮውንም ስልኩንም እሳቸውንም ነጭ ያደርጋቸዋል። የሰው ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት እፍ ማለት የዕለት ሥራቸው ነበር። ቆላ ተወልደው ሰላሳ ዓመት ደብረ ብርሃን ሲኖሩ ብርዱን አልለመዱትም። ሁለት ኮት ደርበው፣ ከላይ ጋቢ ጥለው፣ ነጭ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ነው የሚሠሩት። ስንት ዓመት እንደኖሩ የጠየቃቸው ሰው ሲኖር «እኔማ ለአንድ ሳምንት ነበር የመጣሁት» ይላሉ።

አንድ የማይተዉት ሥርዓት ነበራቸው። የመጀመሪያዋን ብሎን ራሱ ባለቤቱ ካልፈታ ዕቃውን አይከፍቱም። መፍቻውን ያቀብሉና «ቤትሽን አንቺ ክፈቺልኝ፤ እንግዳ ሆኜ ልግባ» ይላሉ። ድሮ አንድ ሰው «ዕቃ ቀይረህብኛል» ብሎ ከሷቸው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ የያዙት ነው። አንድ ቀን ሬዲዮ ያመጡ ቄስ «እኔ መፍቻ ይዤ አላውቅም» ብለው ሲያንገራግሩ፣ «አባ፣ እርስዎ ባርከው ወደ ግራ ያዙሩልኝ፤ ለቀረው እኔ አለሁ» ሲሏቸው አይቻለሁ። ቄሱ ባረኩና አዞሩ። ጋሽ እንድሪስም «ቢስሚላህ» ብለው ቀጠሉ።

ደግሞ ዕቃ እንደመጣ አይመለስም። ለገበያው ዘበኛ የእጅ ባትሪው ላይ ሬዲዮ ጨምረውለታል። ለወፍጮ ቤቷ ባለቤት ሬዲዮዋ ላይ መብራት ጨምረውላታል። የራሳቸው ስልክ ላይ ግን ብዙ ስለጨመሩበት መጥራት አቁሞ ነበር። እሳቸውን የፈለገ ሰው ወደ ወፍጮ ቤቱ ይደውላል፤ ሴትዮዋ ግድግዳውን በቡጢ ትመታለች።

እኔና ሰናይት መጀመሪያ የሄድነው የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ፣ የታብሌቷ ቻርጀር መሰኪያ ላልቶ ነው። ታብሌቷን አጎቷ ከአዲስ አበባ ገዝቶ የላከላት ናት። ሰናይት በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ጆሮዋ አይሰማም። አፏ ይናገራል፤ የሰው ከንፈር እያየች ትረዳለች፤ የቀረውን ከጽሑፍ ታገኛለች። መጽሐፎቿ ሁሉ ታብሌቷ ውስጥ ናቸው። ታብሌቷ ከተበላሸች ልጄ ትምህርት የላትም ማለት ነው። እኔ እንኳን ሊከፍቷት፣ ሲያገላብጧትም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

መሰኪያውን ወዲያው ቀየሩት። መዝጋት ሲገባቸው ግን በማጉያ መነጽራቸው ቦርዱን ያዩ ጀመር። ቦርድ የሚሉት ያንን ዕቃው ሁሉ የተደረደረበትን አረንጓዴ ሰሌዳ ነው።

«ምነው? ተበላሸ?» አልኩ።

«አልተበላሸም። ነይ እዪ። እነዚህ ሁለት ነጥቦች ይታዩሻል?»

አየሁ። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች። በላያቸው ምንም የለም።

«ተሰርቆ ነው?»

«ኧረ የለም! ፋብሪካው ለውዱም ለርካሹም ታብሌት አንድ ቦርድ ነው የሚያትመው። ለውዱ ዕቃውን ያስቀምጥበታል፣ ለርካሹ ይተወዋል። መንገዱ ተጠርጓል፣ መብራት ገብቷል፣ ቤቱ ብቻ ነው ያልተሠራው።»

«እና ይተዉታ!»

«መንገድና መብራት የገባበት መሬት ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዶውን ሲያድር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከመሳቢያቸው የሞቱ ስልኮች ዕቃ የሚያጠራቅሙበትን ቆርቆሮ አወጡና ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ክብ ነገር መረጡ። በሁለት ሽቦ ባትሪ አስነኩና በሰናይት መዳፍ ላይ አስቀመጧት። ልጄ ጮኸች። ድምፅዋን ስለማትሰማው መጠኑን አታውቀውም፤ ገበያው ሁሉ ዞር አለ።

«እማዬ! ሕይወት አለው!»

«ቫይብሬት የሚያደርገው ይሄ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «መልእክት ሲመጣላት እንዲያንቀጠቅጣት። ቦታው ለሱ የተተወ ነው።»

«ጋሼ፣ ያለውን እንዳያጡብን። እባክዎ ይዝጉት።»

«እሺ።» አልተቆጡም፣ አልጎተጎቱም። «ግን ባለቤቷ ማን ናት? አንቺ ነሽ እሷ?» ብለው ወደ ሰናይት ዞሩና ጠየቋት። ሰናይት አፍጥጣ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ሪዝዎ አፍዎን ሸፍኖታል። ምን እንደሚሉ አይታየኝም» አለች ጮክ ብላ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጋሽ እንድሪስ ሪዝ እንደ መጥረጊያ የላይኛውን ከንፈራቸውን ጥሎ የወረደ፣ በከተማው የታወቀ ሪዝ ነበር። እሳቸው ግን ጫፉን በጣታቸው ነካ አድርገው ታብሌቷን ዘጉልን።

በዚያ ሰሞን በቤታችን አንድ ጭቅጭቅ ነበር። ሰናይት አሥረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ክፍል ተከራይታ ብቻዋን መኖር አለባት። አባቷ «ትሂድ» ይላል፤ እሱ እርሻውን ሲያስብ ሌላ አያስብም። እኔ ግን አስባለሁ። ከሰል ሳታጠፋ ብትተኛስ? በሩ ቢንኳኳ በምን ትሰማለች? በጠዋት ማን ይቀሰቅሳታል? ስጽፍላት ታብሌቷ ብልጭ ትላለች እንጂ ሌላ ነገር የላትም። ቦርሳ ውስጥ ከሆነች ወይም ልጅቷ ተኝታ ከሆነ አለቀ። በመጨረሻ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ «ስጽፍላት የሚሰማት ከሆነ ትሄዳለች። ካልተሰማት አትሄድም።»

ሰናይት ቃሌን ከከንፈሬ ላይ ቀልባ፣ «ጋሽ እንድሪስ ዘንድ እንሂድ» አለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስንመለስ ሱቋ ውስጥ የተቀመጡትን ሰው ለጊዜው አላወቅኋቸውም። ሪዙ የለም። ከአፍንጫቸው በታች ያለው ቆዳ እንደ ሕፃን ገላ ነጥቷል።

«ምነው ጋሼ፣ ሪዝዎ?»

«ሞቀኝ» አሉ።

በነሐሴ፣ በደብረ ብርሃን፣ በሁለት ኮት ላይ ጋቢ ለብሰው። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረው ከንፈራቸውን በደንብ እያንቀሳቀሱ «ደህና ነሽ ልጄ?» አሏት። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለች። እኔ ነጠላዬን አስተካክል መስዬ ወደ ደጅ ዞርኩ።

ከመጀመራቸው በፊት እሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቁኝ። «ለምን ስልክ አትገዢላትም? ስልክ ሁሉ ቫይብሬት ያደርጋል።»

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ያለን አንድ ስልክ ነው። እሱን ለሷ ከሰጠኋት በምን እጽፍላታለሁ?»

«እሱስ እውነት ነው» ብለው መፍቻውን አቀበሉኝ። ባለቤቷ ሰናይት ብትሆንም፣ ፈሪዋ እኔ ስለሆንኩ እኔ እንድፈታ ፈረዱ። ብሎኗ ከጣቴ በታች ጠፋችብኝ፤ መፍቻው ይንሸራተታል። ጋሽ እንድሪስ ለሰናይት «የእናትሽ እጅ ራሱ ቫይብሬት ያደርጋል። እኔን ምን አደከመኝ!» አሏት። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ከንዴት ብሎኗን ፈታኋት።

ያችን የምትንቀጠቀጥ ክብ ሞተር ሁለቱ ነጥቦች ላይ በየዱ። እጃቸው ሲበይድ አይንቀጠቀጥም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ነው የሚሠሩት። አበሩት፤ ሞከሩት። ዝም።

«አላልኩም? አላልኩዎትም?» አልኩ።

«ገና ነው።» በቴስተር እዚህም እዚያም ነኩት። «ይሄውልሽ። መንገዱ መሃል ላይ ድልድይ ጎድሏል። ከሞተሯ አጠገብ ሌሎች ሦስት ባዶ ቦታዎች አሉ። ጉንዳን የሚያካክሉ ዕቃዎች ናቸው የሚገቡባቸው። ግን የትኛው የትኛው ላይ እንደሚገባ አላውቅም።»

«ታዲያ አንዱን ይሞክሩት!»

መነጽራቸውን አወለቁ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «እኔ ባዶ ቦታ አልወድም። በግምት የተሞላ ግን ከባዶም ይብሳል። ገምቼ ባቃጥለው ልጅሽን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ወንድሙ ያስፈልገኛል።»

ወንድሙ ያሉት ያው ዓይነት ቦርድ ያለው ውዱን ታብሌት ነው። እሱን አጠገቡ አስቀምጠው፣ በዚያኛው ላይ የሞላውን በዚህኛው ላይ ካለው ባዶ ጋር ሊያስተያዩ ነው። ታብሌቷን ዘግተው መለሱልን። ለየአገሩ ሾፌር ሁሉ፣ ለእነዋሪውም ለአረርቲውም፣ የታብሌቱን ስም በወረቀት እየጻፉ «የተሰበረ፣ የተረገጠ፣ ውኃ የገባበት፣ ማንኛውንም አምጡልኝ» ብለው ላኩ።

ጳጉሜን አለፈች። ምዝገባው ከመስቀል በፊት ይዘጋል። በየገበያው ቀን እየሄድን እንጠይቃለን፤ «ገና ነው» ይሉናል። ከነዚህ ቀናት በአንዱ ሰናይት ደጅ ቆማ ሳለ፣ ብዙ ቀን አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ጆሮዋስ? እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ይኖረው ይሆን? አንድ ነገር ቢገባበት…»

መበየጃቸውን አስቀመጡ። የቀልድ መልስ የሚሰጡ መስሎኝ ነበር።

«እሱን አላውቅም፣ የሰናይት እናት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የማውቀው ቦርድ ነው።»

ከዚያ ሌላ ምንም አላሉም። ብዙ ሰው ስለ ልጄ ጆሮ መክሮኛል። ይሄ ጸበል ይሻላል ያለኝ አለ፤ ያኛው ሐኪም ይሻላል ያለኝ አለ፤ ኃጢአቴን እንድመረምር የነገረችኝ ጎረቤትም አለች። «አላውቅም» ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ሄድኩ።

መስከረም አጋማሽ ላይ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ደወለችልኝ። «ኑ! ወንድምየው ተገኘ!» ትላለች። ለካ የአረርቲው ሾፌር ባጃጅ የሄደበትን ታብሌት በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቷል። መስታወቱ ደቅቋል፤ ቦርዱ ግን ደህና ነው።

ስንደርስ የኛዋን ብሎን እንደ ሥርዓቱ ፈታሁና ሁለቱን ቦርዶች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ለኔ እንኳን ታየኝ፤ በዚህኛው ባዶ የሆነው ሁሉ በዚያኛው ሞልቷል። ጋሽ እንድሪስ ከተሰበረው ላይ እነዚያን ጉንዳኖች አንድ በአንድ አንሥተው በኛዋ ላይ አስቀመጡ። አንዷ ከመቆንጠጫው አምልጣ ዱቄቱ ውስጥ ጠፋች። ያን ጊዜ ሱቋ ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ሰናይት ናት ያገኘቻት፤ ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው።

ዘጉ፤ አበሩ። «በይ ጻፊላት» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ መልእክት ስጽፍ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ነው። ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። በመጨረሻ «ሰናይት እናትሽ ነኝ» ብዬ ላክሁ።

ታብሌቷ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጢንዚዛ ጮኸች። እየተንቀጠቀጠች ዱቄቱ ላይ መንገድ እየሳለች ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደች። ሰናይት በመዳፏ ያዘቻት፤ ከዚያ አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገቻት። ቆየት ብላ አነበበችና ጮኸች።

«ሰናይት እናትሽ ነኝ ይላል! አውቃለሁ እኮ!»

ወፍጮ ቤት ያሉት ሁሉ ሳቁ። ጋሽ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዞሩና መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ቃሌ ቃል ነውና ሰናይት ተመዘገበች፤ ክፍል ተከራየንላት። ከመለየታችን በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። ያ ሁሉ የተደከመበት ታብሌት ወድቆ እንዳይሰበር፣ ብርድም እንዳይገባው ብዬ፣ ከአሮጌ የበግ ጠጉር ባናዬ ቆርጬ ልብስ ሰፋሁለት። በሁለት ድርብ ሰፋሁት፤ መሃሉን ጥጥ ሞላሁት። «ከማንበብሽ በቀር ከዚህ ልብስ ብታወጪው እኔ እናትሽ ልሙት!» ብዬ አስማልኳት። ሰናይት ማለች።

በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት «ተነሺ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ «ተነሣሁ» ብላ እንድትመልስ ተስማምተን ነበር። ዝም። ደግሜ ጻፍኩ። ዝም። «ምነው?» ዝም። «ከሰሉን አጥፍተሻል?» ዝም። የአከራይዋ ስልክ ተዘግቷል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አሥራ አራት ጽፌ ነበር፤ ከዚያ ጫማዬን አጠለቅሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ምን ሆነው ነው እናቴ?» አለኝ። ነገርኩት። እሱ ለኋለኞቹ ነገረ። ጨኖ ሳንደርስ መኪናው በሙሉ ስለ ሰናይት ይጸልይ ነበር። ሾፌሩን «ፍጠን ልጄ» እለዋለሁ፤ ሲፈጥን ደግሞ ጉሙን አይቼ «ኧረ ቀስ በል!» እላለሁ። «እናቴ፣ አንዱን ይምረጡ» አለኝ።

ቤቷ በቁልፍ ተዘግቷል። ሌላ የማውቀው ቦታ ስለሌለ ወደ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሮጥኩ። ሰናይት እዚያ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ በእንባ ቀልቷል። ለካ እስከ ሁለት ሰዓት ተኝታ ኖሯል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አምልጧት «ሞተሩ ሞቷል» ልትላቸው ነው የመጣችው።

አቀፍኳት። ከዚያ እጇን ያዝኩ። «በቃ። ዛሬውኑ ወደ ቤት። አልሠራም፤ ቃሌ ይሄ ነበር።»

«ቆይ አንቺ ሴትዮ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። እቅፏ ውስጥ ያለውን ወፍራም ነገር ተቀበሏትና በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሷ ነው።»

«ስንት ድርብ ነው?»

«ሁለት። መሃሉ ጥጥ አለው።»

ከዚያ ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ጋቢያቸው ብቻ ነው የሚስቀው። «እኔ አንድ ወር ሙሉ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ፈልጌ አስገባሁ፤ አንቺ ብርድ ልብስ አልብሰሽ አስተኛሽው! እኔን እንኳ በሰላሳ ዓመት እንዲህ አድርጎ ያለበሰኝ የለም!» ታብሌቷን አወጡና ባዶውን ልብስ እንደ ቆብ ከኮፍያቸው በላይ ደፉት። ልክክ አለላቸው። ያን የብርድ ወቅትም የሚቀጥለውንም በሱ ነው ያሳለፉት።

«አንቺስ፣ ተኝተሽ እንኳ ለምን አላወጣሽውም?» አሏት ሰናይትን።

«እማዬ በሞቷ አስምላኛለች።»

ሁለቱም አዩኝ። የወፍጮ ቤቷም ሴትዮ በስንጥቁ የምታየኝ መሰለኝ።

«ፈትቼሻለሁ» አልኩ። ግን ልቤ አልተመለሰም። «ቢሆንም እንሂድ። ዛሬ ይሄ ሆነ፤ ነገ ሌላ ይሆናል።»

ልጄ ስትቆጣ አትጮህም፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗን ከጨፈነች የማንም ቃል አይደርሳትም፤ ንግግር አለቀ ማለት ነው። ያን ቀንም እጇን ከእጄ መንጭቃ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋን ነካሁ፤ ገፋችኝ። ለመንኳት፤ ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስ ታብሌቷን ያለ ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናቷ አንቺ ነሽ።»

ፊደሉን በእንባ ውስጥ እየፈለግሁ «ይቅር በይኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጭኗ ላይ ድርርር አለ። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። «ዓይንሽን ግለጪ» ጻፍኩ። ድርርር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ርቦሻል?» ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗንም ገለጠች።

ከዚያ ሰዓት በፊት ልጄ ዓይኗን ጨፍና ሳለች አንዲት ቃል አድርሼላት አላውቅም ነበር።

«እንግዲህ አየሽ፣ ይሠራል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ይሠራል ማለት ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንኳኪ ማለት አይደለም። አሥራ አራት! ልጅቷ ወባ የያዛት ይመስል ስትንቀጠቀጥ ልትውል ነው? ስሚኝ፣ የሰናይት እናት። ሦስት ቀን አትጻፊላት። እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቅ ስመጣ በደጇ አልፋለሁ፤ መነሣቷን አያለሁ። በሦስት ቀን አንድ ነገር ከጎደለ፣ ወላሂ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን።»

እምቢ ልል ሰናይትን አየሁ። ዓይኗ ተገልጧል፤ ከንፈሬን እየጠበቀ ነው። «እሺ» አልኩ።

የመጀመሪያውን ቀን የጠራውን ገብስ እንደገና አጠራሁት። ስልኩን አባቷ እንዲይዘው ሰጠሁት፤ ከዚያ በየደቂቃው እሱን ተከትዬ ማሳ ለማሳ ዞርኩ። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ጥሎልኝ ሸሸ። እኩለ ቀን ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ ምነው ዝም አልሽ?»

ዝም አልኩ። ቃል ገብቻለሁ።

«እማዬ አሞሻል? ያኔ በገፋሁሽ ተቀይመሽኛል?»

ጣቴ ፊደሉ ላይ ደረሰ። መለስኩት። ስልኩን እንስራው አፍ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ውስጡ እንዳይገባ ፈርቼ ተመለስኩ።

«መልሺልኝ እንጂ! ካልመለስሽ ዛሬውኑ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

ስታነቡት ቀላል ነው። እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ ስመኝ የነበረው ይሄንን ነው፤ ልጄ በራሷ ፈቃድ ወደ ቤት ልትመጣ። ዝም ብል ማታ እቤቴ ናት። ቃሌንም አልሰበርኩም። ማንም አይወቅሰኝም። ነገ ጠዋት ግን ትምህርት አላት። ቆሜ አሰብኩ፤ ተቀምጬም አሰብኩ። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። «ደህና ነኝ። እንዳትመጪ። ትምህርትሽን ተማሪ።»

ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ጥፋቴን ልናዘዝ ሱቃቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ሦስት ቀን አልቻልኩም። በሁለተኛው ቀን ጻፍኩላት» ብዬ ስልኩን ዘረጋሁላቸው። ያን ቦርድ የሚያዩበትን ማጉያ መነጽር አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«የነገረሽ ሰው አለ?»

«ማንም።»

ስልኩን ሲመልሱልኝ በሁለት እጃቸው ነበር። «አለቀ» አሉና መበየጃቸውን አነሡ። በዚያ ሱቅ ስመላለስ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ጋሽ እንድሪስ ስለ አንድ ሥራ «አለቀ» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።